ለበረዶ ተራራ የሚሆን የቆዳ ጫማ አመራረጥ

በሲያትል፣ በዴንቨር፣ በጄኔቫ ወይም በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖች ተራራ መውጣት ሲጀምሩ ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለበረዶው የትኛውን ጫማ ልግዛ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ጫማ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፤ ምርጫው ከተሳሳተ ደግሞ የእግር ጣት ሊያሳጣ ይችላል። እዚህ የምናወራው ሶሉ የማይታጠፍ፣ በውስጡ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ስላለው፣ ለበረዶ ተራራና ለበረዶ ግድግዳ ስለሚደረገው የቆዳ ጫማ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ጫማ ሙቀት አያመነጭም፤ እንደ ጋቢ ሰውነት ያመነጨውን ይዞ ያቆያል እንጂ። ሙቀቱን እስከ ጣት ጫፍ የሚያደርሰው ደም ነው። ጫማው እግርን አጥብቆ ደሙን ከያዘው፣ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን እግር ይቀዘቅዛል። እግራቸው በረዶ ላይ የደነዘዘባቸው ብዙ ሰዎች ችግራቸው የንጣፉ መሳሳት ሳይሆን የጫማው መጥበብ ነው። ከታች ለልክ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

1. የሚወጡበትን ተራራ ይወስኑ

ጥሩ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ነው። ካልጠየቀ እርስዎ ቀድመው ይንገሩት።

ጉዞዎ ወደ ራስ ዳሸን ከሆነ ይህን ጫማ ይተዉት። ከፍታው 4,550 ሜትር ቢሆንም መንገዱ የእግር መንገድ ነው፤ ሌሊቱ ቢበርድም ግግር በረዶ የለበትም። 5,895 ሜትር የሚደርሰው ኪሊማንጃሮም በተለመዱት መንገዶች ከወጡት በእግር የሚኬድ ተራራ ነው፤ ሞቅ ያለ የእግር ጉዞ ጫማና ጥሩ ካልሲ ይበቃዋል። «ከፍ ያለ ተራራ ነው» በሚል ብቻ ጥንዱ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጫማ ማድረግ ጉልበት መጨረስና እግር ማቁሰል ነው።

ሬኒየር ግን ሌላ ነው። ከሲያትል የሚታየው ይህ 4,392 ሜትር ተራራ በግግር በረዶ የተሸፈነ ነው። በመንገዱ ላይ ካለው ማደሪያ፣ ከካምፕ ሙር፣ በላይ ያለው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ተጀምሮ በክራምፖን፣ ማለትም ከጫማ ሥር በሚታሰር የብረት ጥርስ፣ የሚጓዙት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ተራራ ሙቀት የሚይዝ ነጠላ፣ ማለትም የውስጠኛው ክፍል ተነጥሎ የማይወጣ፣ የቆዳ ጫማ ልክ ነው። በአልፕስ ከ4,800 ሜትር ከፍ ለሚለው ለሞን ብላንም በበጋ እንዲሁ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ ያለው የዩሬይ የበረዶ ፓርክ ደግሞ የተለየ ነገር ይጠይቃል። እዚያ ውኃ በቧንቧ ወደ ገደሉ አፋፍ ተወስዶ እንዲፈስና በብርዱ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ የበረዶ ግድግዳ ይሆናል። ግድግዳውን የሚወጣው ሰው በጫማው አፍንጫ ጫፍ ላይ ቆሞ ይወጣል። ተራው የጓደኛው ሲሆን ደግሞ ገመድ ይዞ ሳይንቀሳቀስ ከሥር ይቆማል። ክፉው ብርድ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ እየወጣ ያለ ሰው ደሙ ይዘዋወራል፣ ገመድ ይዞ የቆመው ግን ከሥሩ ካለው በረዶ ጋር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የማይታጠፍ ሶልም ሙቀትም አብረው ያስፈልጋሉ።

6,190 ሜትር ለሆነው ለዴናሊና ከዚያ በላይ ላሉት ተራሮች ነጠላ የቆዳ ጫማ አይሆንም። ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም። ለቀናት በድንኳን ሲታደር ላቡ በቆዳውና በንጣፉ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት ጫማው በብርዱ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይገኛል። ድርብ ጫማ የውስጠኛው ወጥቶ መኝታ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ነጠላው ይህን አይፈቅድም። ለቀን ጉዞ ወይም በበጋ ለአንድ ሁለት ሌሊት ቆዳ ይግዙ፤ በብርድ ወራት ለብዙ ሌሊት የሚያስቡ ከሆነ ገንዘብዎን ለድርብ ጫማ ያስቀምጡ።

2. ሶሉ ይታጠፍ እንደሆነ ይፈትሹ

በሚኒሶታ ወይም በዴንቨር በረዶ የሚጠርጉበት ሙቅ ቡትስ ቤትዎ ይኖር ይሆናል። እግር ያሞቃል፤ ለተራራ ግን አይሆንም። ሶሉ ስለሚታጠፍ ክራምፖኑ ይላቀቃል፤ ቁልቁለት ላይ ክራምፖን ሲላቀቅ መያዣ የለም።

አምራቾችና ሻጮች የሶልን ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። ቢ1 ትንሽ የሚታጠፍ፣ አልፎ አልፎ በረዶ ለሚያጋጥመው የእግር ጉዞ የሚሆን ነው። ቢ2 ከሞላ ጎደል የማይታጠፍ ሲሆን ከተረከዙ በስተኋላ ክራምፖን የሚነክስበት ጎድጎድ ያለ ጠርዝ አለው። ቢ3 ፈጽሞ የማይታጠፍ ነው፤ ጠርዙም ከፊትም ከኋላም አለ። ለሬኒየርና ለሞን ብላን ቢ2 ያስኬዳል፤ ቀጥ ላለ የበረዶ ግድግዳ ግን ያለ ቢ3 አይሞክሩ። ሁለቱንም አደርጋለሁ ካሉና አንድ ጥንድ ብቻ መግዛት ከቻሉ ቢ3ን ይውሰዱ። ሜዳ ላይ ሲሄዱ ይከብዳል፤ ያም ቢሆን ከባዱ ቦታ ላይ አያዋርድዎትም።

በወረቀት የተጻፈውን ብቻ አይመኑ፤ ሱቁ ውስጥ ደረጃ ካለ እዚያው ይሞክሩት። ጫማውን አጥብቀው ይሰሩና የአፍንጫውን ጫፍ ብቻ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በደረጃው ጠርዝ ላይ አሳርፈው በአንድ እግር ይቁሙ። እጅዎ መደገፊያውን ይንካ እንጂ አይንጠልጠልበት። አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ሶሉ ጎብጦ ተረከዝዎ ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ፣ ሸክሙን የተሸከመው ጫማው ሳይሆን ባትዎ ነው ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያ ባት ቶሎ ይደክምና ይንቀጠቀጣል፤ እግር ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የክራምፖኑ ጥርስ ከበረዶው ይነቀላል። ሶሉ ጸንቶ ተረከዝዎን እንደ መደርደሪያ ከያዘልዎት ፈተናውን አልፏል።

3. ቆዳውንና የውስጥ ንጣፉን ይመልከቱ

ዛሬ ብዙ የተራራ ጫማ የሚሠራው ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ቀላል ነው፤ ውኃም ብዙ አይጠጣም፤ ቶሎም ይደርቃል። ታዲያ ቆዳ ለምን? ቆዳ በጊዜ ብዛት የእግርን ቅርጽ ይይዛል፤ ድንጋይ ሲፍቀው አይቀደድም፤ በራስዎ ክራምፖን ቢቧጨርም ይጠገናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና አንድ ጥንድ ብቻ ለሚኖረው ሰው እኔ ቆዳን እመርጣለሁ።

ቆዳው ወፍራም፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ስፌቱም ጥቂት ይሁን፤ ስፌት በበዛ ቁጥር ውኃ የሚገባበት በር ይበዛል። ዙሪያውን ከሶሉ በላይ የጎማ መጠቅለያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ድንጋዩም እርጥብ በረዶውም መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ቦታ ነው።

ሻጩ «200 ግራም» ወይም «400 ግራም» ቢልዎ የጫማውን ክብደት መናገሩ አይደለም። የሙቀት ንጣፉ በአንድ ካሬ ሜትር የሚመዝነውን ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቦታም ይይዛል። ትልቁን ቁጥር ብቻ ብሎ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወፍራም ንጣፍ በጠባብ ጫማ ውስጥ የደምን መንገድ ይዘጋል። ከጎኑ ካለው ንጣፍ ይልቅ ከእግርዎ ሥር ስላለው ይጠይቁ። ብርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከታች ነው፤ በረዶው ክራምፖኑን፣ ክራምፖኑ ሶሉን ያቀዘቅዛል። የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ይዩት፤ ስስ ካርቶን መሳይ ከሆነ በወፍራም ሱፍ ወይም በሙቀት ያዥ ንጣፍ ሊተካ ይችላል። ያን ጊዜ ግን ልኩን እንደገና መለካት ይኖርብዎታል።

እንደ ጎር-ቴክስ ያለ ውኃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያላቸው ጫማዎች ለእርጥብ በረዶ ጥሩ ናቸው። ውስጣቸው አንዴ ከረጠበ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ በረዶ ከላይ እንዳይገባ እግር መጠቅለያ፣ ጌተር የሚሉትን፣ አብሮ መግዛት አይርሱ።

4. ለመለካት ተዘጋጅተው ይሂዱ

ወደ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ይሂዱ። እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል፤ ተራራ ላይም እንዲሁ። ተራራ ላይ የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ቢፈልጉ ከሥሩ ስስ ካልሲ። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቦ መሞከር ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ይጨቁናል እንጂ አያሞቅም። የእግር ጥፍርዎን ይቁረጡ። ለመሞከር ብቻ አንድ ሰዓት ይመድቡ፤ የሚያጣድፍዎ ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ቀን ይመለሱ።

5. ልኩን ያረጋግጡ

መጀመሪያ የውስጥ ንጣፉን ከጫማው አውጥተው መሬት ላይ ያድርጉትና በላዩ ይቁሙ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ሊተርፍ ይገባል። ከጎንም ይመልከቱ፤ የእግርዎ ጎን ከንጣፉ ውጭ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። በልጅነቱ በባዶ እግር ወይም በሸበጥ ያደገ ሰው እግሩ ከፊት ሰፋ ሊል ይችላል፤ ለዚህ ዓይነቱ እግር ጠባብ ቅርጽ ያለው ጫማ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስፋቱ አይሆንም። መፍትሔው ቁጥር መጨመር አይደለም፤ ቁጥር ሲጨምር ተረከዙ ይላወሳል። ሌላ አምራች ወይም ሰፋ ያለ ሞዴል ይሞክሩ። እንደ ላ ስፖርቲቫና ስካርፓ ያሉ ታዋቂ ሠሪዎች የጣሊያን ናቸው፤ የአሜሪካውን ቁጥር ትተው በአውሮፓው ቁጥር፣ ግማሽ ቁጥሮቹንም ጨምሮ፣ ቢጠይቁ ስሕተቱ ይቀንሳል። የሴቶች ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ ተረከዛቸው ጠበብ፣ ውስጣቸውም ዝቅ ያለ ነው፤ ቀጭን እግር ያለው ወንድም ቢሞክራቸው ነውር የለውም።

ቀጥሎ ንጣፉን ወደ ጫማው ይመልሱ፤ ማሰሪያውን ፈተው እግርዎን ወደ ፊት ይግፉና ጣትዎ ጫፉን ሲነካ ከተረከዝዎ በስተኋላ የእጅ ጣት ያስገቡ። አንድ ጣት ሳይታገል ከገባ ርዝመቱ ደህና ነው። ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው፤ አንድም ካልገባ ጠባብ።

አሁን ተረከዝዎን ወደ ኋላ መታ መታ አድርገው ያሰናዱና ይሰሩት። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የእግርዎን ጀርባ፣ ማለትም ከጣቶች በላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ቦታ፣ አጥብቀው አይሰሩት፤ ለጣቶች ደም የሚወስድ የደም ሥር የሚያልፈው በዚያ ነው። ጥሩ ጫማ ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ማሰሪያውን የሚይዝ ጥርስ አለው፤ ከሱ በታች ላላ አድርገው፣ ከሱ በላይ ጠበቅ አድርገው ማሰር ይችላሉ። ጥርስ ከሌለው እዚያ ላይ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ይያዙት።

ታስሮ ሲያልቅ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ሁሉም ወደ ላይም ወደ ታችም መንቀሳቀስ አለባቸው። ትንሿ ጣት ተጨብጣ ከቆመች በረዶው መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው።

ደረጃ ይውጡ፤ ተረከዝዎ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተነሳ ተራራው ላይ ሰዓታት ሲቆዩ ይልጠዋል። ደረጃ ይውረዱ፤ ካለም በተዳፋት መሞከሪያ ላይ ወደ ታች ይቁሙ። ጣቶችዎ ፊቱን ከነኩ ጫማው አይሆንም፤ ከሬኒየር ጫፍ ሲወርዱ ጥፍር የሚያጠቁረው ይህ ነው። በመጨረሻ የጫማውን አፍንጫ ጠንካራ ነገር ላይ እንደ በረዶ ግድግዳ ደጋግመው ይምቱ፤ ሻጩን አስፈቅደው፣ ሳያጠፉበት። ጣት መነካት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጫማውን ሳያወልቁ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ይዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ወይም የሚያቃጥል ነገር ከተሰማዎ «ሲለመድ ይተወኛል» አይበሉ። ቆዳ በስፋት ትንሽ ይለቃል፤ በርዝመት ግን አይለቅም።

6. ክራምፖኑን ከጫማው ጋር ያጋጥሙ

ክራምፖን ያለ ጫማ፣ ጫማ ያለ ክራምፖን አይገዛም፤ ቢያንስ አንዱን ይዘው ሌላውን ይሞክሩ። ከፊት የብረት መያዣ፣ ከኋላ የሚታጠፍ መቆለፊያ ያለው ዓይነት ሁለቱም ጠርዝ ያለውን ጫማ፣ ቢ3ን፣ ይፈልጋል። ከፊት የፕላስቲክ መያዣ፣ ከኋላ መቆለፊያ ያለው ዓይነት ለቢ2ም ለቢ3ም ይሆናል። በሙሉ በማሰሪያ የሚታሰረው ለማንኛውም ጫማ ሊገጥም ይችላል፤ ለቆመ ግድግዳ ግን አይመከርም።

መቆለፊያ ያለውን ክራምፖን ካስተካከሉ በኋላ የክራምፖኑን ማሰሪያ ሳያስሩ ጫማውን አንሥተው ያራግፉት። መውደቅ የለበትም። መቆለፊያው ሲዘጋ «ቀጭ» ብሎ ትንሽ መታገል አለበት፤ ዝም ብሎ ከተዘጋ ልል ነው። የፊት ጥርሶቹ ከጫማው አፍንጫ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥተው መታየት አለባቸው። አንዳንድ ጫማ አፍንጫው ከብረት መያዣው ቅርጽ ጋር አይስማማም፤ መያዣው ጠርዙን ሙሉ በሙሉ ካልነከሰ «ይበቃል» ብለው አይውሰዱት።

7. ከመግዛትዎ በፊት ይከራዩ፤ ያገለገለ ሲገዙ ይጠንቀቁ

ሙቀት ያለው አዲስ የቆዳ ጫማ እንደ ሞዴሉ በአሜሪካ ከ400 እስከ 700 ዶላር ሊፈጅ ይችላል። ገና አንድ ጊዜ ለመሞከር ከሆነ ይከራዩ። በሬኒየር ሥር ባለችው በአሽፎርድም፣ በዩሬይም የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። የተከራዩት ጫማ የሰው እግር ለምዶ ስለሚቆይ እንደ ራስዎ አይመችም፤ የሚስማማዎትን ቁጥርና የሶል ጥንካሬ ግን ያስተምርዎታል።

ያገለገለ ሲገዙ ቆዳው ቢያብረቀርቅም አይታለሉ። ብዙ ጫማዎች በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ፖሊዩረቴን የሚባል ለስላሳ ንጣፍ አላቸው። ይህ ንጣፍ ሳይለበስ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ በእርጥበት ይፈረካከሳል። ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ጫማ በረዶ ላይ ሶሉ ተገንጥሎ ሊቀር ይችላል። የተሠራበትን ዓመት ይጠይቁ፤ ንጣፉን በአውራ ጣትዎ ተጭነው ስንጥቅ ወይም ፍርፋሪ ይፈልጉ። የክራምፖኑ ጠርዝ የተበላ ወይም የተቀደደ ከሆነም ይተዉት፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ።

8. እግርዎንና ጫማውን ያላምዱ

መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ምሽቶች ያድርጉት፤ ሶሉ ካልቆሸሸ ብዙ ሱቆች ይመልሱልዎታል። ቀጥሎ ኮረብታ ይውጡበት፤ የማይታጠፍ ሶል ሲሄዱበት ተረከዝ ሊያቆስል ይችላል። ቀይ የሆነ ወይም የሚያቃጥል ቦታ ሲሰማዎ ሳይቆስል በፕላስተር ይሸፍኑት። ቆዳውን ለማለስለስ ውኃ ውስጥ መንከርም ሆነ ዘይት መቀባት አያስፈልግም፤ ዘይት ቆዳውን አላልቶ የገዙበትን ጥንካሬ ይወስድበታል።

ተራራው ላይ ማለዳ ከመነሣትዎ በፊት ደረቅ ካልሲ ያድርጉ። ለመቆም ሲደርሱ ማሰሪያውን ትንሽ ያላሉ፤ ሲወርዱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ጠበቅ ያድርጉ። ጣቶችዎ ካመሙ በኋላ ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ምንም የማይሰማዎ ከሆነ «ለመደ» ማለት አይደለም፤ ሥጋው መርጋት መጀመሩ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ለጓደኛዎ ይንገሩና ይውረዱ።

9. ከጉዞ መልስ

የውስጥ ንጣፉንና ማሰሪያውን አውጥተው ጫማውን በሰፊው ይክፈቱት። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው አየር ባለበት ቦታ ያቆዩት፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ይቀይሩት። ሂተር ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም በመኪና ማሞቂያ ፊት አያድርቁት፤ ሙቀቱ ቆዳውን ያሰነጥቃል፣ የጎማውን ሙጫም ያላላል። ከመንገድ የያዘው ጨው ካለ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ቆዳው ደረቅ ሲመስል ለቆዳ የተሠራ፣ ውኃ የሚከላከል ሰም ይቀቡት፤ በተለይ ስፌቱ ላይ ሳስተው አይለፉ። የሶሉ ጥርስ ሲያልቅ ሳይዘገዩ፣ የመሐከሉ ንጣፍ ሳይበላ፣ የተራራ ጫማ ሶል ለሚቀይር ባለሙያ ይስጡት፤ ቆዳውና የክራምፖኑ ጠርዝ ደህና ከሆኑ ያው ጫማ በአዲስ ሶል እንደገና ያገለግላል።